ሙቀት በጤናችን፣ በኑሯችንና በማድ ቤታችን
(በኮልፌ ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



 እኛ በዕድሜ ልጆቻችሁ ነን። ወጥ መሥራትና እንጀራ መጋገር ልናስተምራችሁ አልመጣንም፤ እሱንማ የእናንተን እጅ እያየን ነው ያደግነው። የመጣነው ስለ ሙቀት ልንነጋገር ነው። ሙቀት በድስት ውስጥ፣ በቤት ውስጥና በሰው ገላ ላይ የሚሠራውን ሥራ ለይተን ብናውቅ፣ እኛ በጤና ኮሌጅ የተማርነውንና እናንተ በልምድ የምታውቁትን ብናገናኘው፣ ብዙ ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም ሞት፣ ከቤታችን ማራቅ ይቻላል።

ምናልባት «ኮልፌ ደጋ ነው፤ እዚህ ምን ሙቀት አለና ነው ስለ ሙቀት የሚወራው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። በአፋር ምድር ዳሎል በተባለው ሥፍራ በፈረንጆች ከ1960 እስከ 1966 ዓ. ም. በተደረገው ልኬት፣ ቀኑም ሌሊቱም በጋውም ክረምቱም ተደምሮ አማካዩ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በእኛ በአዲስ አበባ ግን ፀሐይ በምትበረታባቸው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንኳ የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ዳሩ ግን የኮልፌ ሙቀት ከሰማይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። አብዛኛው ያለው ማድ ቤታችን ውስጥ ነው። ከእሳት ፊት በየቀኑ የምትቀመጠውን ባለቤት፣ አጠገብዋ የሚድኸውን ሕፃን፣ ያደረውን ወጥ፣ ሌሊት ወደ መኝታ ቤት የሚገባውን ከሰል ይነካል። ስለዚህ ንግግራችንን ከድስቱ እንጀምራለን።

1. በኮልፌ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ በትምህርት ቤት ይነገራል። ይህ ልክ የሚሆነው እንደ ጅቡቲ ባለ በባሕር ጠረፍ በሚገኝ አገር ነው። አየር ክብደት አለው። በባሕር ጠረፍ ከድስቱ በላይ የተከመረው አየር ብዙ ስለ ሆነ፣ ውሃው ያን ክብደት አሸንፎ ለመፍላት ብዙ ሙቀት ያስፈልገዋል። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ግን ከላያችን ያለው አየር እየቀነሰ ይሄዳል። ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ቢጣድ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ብንጨምርበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ትርፉ እሳት ውሃውን በእንፋሎት ይጨርሰዋል እንጂ ባቄላውን ፈጥኖ አያበስለውም። ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ በኩል አዲስ የመጣች ሙሽራ «የዚህ አገር ሽምብራ ድንጋይ ነው እንዴ?» ብትል አትፍረዱባት። ሽምብራውም እርስዋም ጥፋት የለባቸውም። በቆላ የለመደችው ድስት ከዚህኛው ይልቅ ይሞቅ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? አራት ነገሮችን እንመክራለን።

ሀ) ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ቦሎቄ ከመቀቀላቸው በፊት ዘፍዝፎ ማሳደር። የራሰ ጥራጥሬ በጣም በአነስተኛ ጊዜ ይበስላል። በማግሥቱ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል ነው። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በውስጡ ሆድ የሚያሳምምና የሚያስታውክ መርዝ ስላለበት፣ ለብ ባለ ውሃ ሳይሆን እየተንተከተከ እስኪለሰልስ ድረስ መብሰል አለበት።

ለ) ድስቱን መክደን። ክፍት ድስት ሙቀቱን ለጣሪያው ይሰጣል።

ሐ) ውሃው እንደ ፈላ እሳቱን መቀነስ። ቀስ እያለ የሚንተከተክ ድስትና በኃይል የሚገነፍል ድስት ሙቀታቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሚያቃጥሉት እንጨትና ከሰል ነው።

መ) አቅም የፈቀደለት በፕሬዠር ድስት ቢጠቀም። ይህ ድስት እንፋሎቱን አምቆ ስለሚይዝ፣ በደጋም ቢሆን በውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በፈረንጆች 1679 ዓ. ም. ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራው ዕቃ የመጣ ነው። ነገር ግን የእንፋሎት መውጫው በምግብ ፍርፋሪ እንዳይደፈን ሁልጊዜ ማጠብ፣ እንፋሎቱም ሳይወጣ ክዳኑን በግድ አለመክፈት ያስፈልጋል።

2. እሳቱ ሲረዝም የሚጎዳው ማን ነው?

ባቄላው ሁለት ሰዓት ሲንተከተክ ድስቱ ብቻውን አይደለም። ባለቤቲቱም ሁለት ሰዓት እዚያው ናት። እንጀራ በምትጋግርበት ቀን ደግሞ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ከሚሞቀው ምጣድ ፊት ለፊት ፊትዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ማድ ቤቱ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ መስኮቱም የሌለ ሲሆን ሙቀቱና ጭሱ አብረው ይታፈናሉ።

የባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የከተማችን ማገዶ ባለ ውለታ ሆኗል። የኮልፌ ሰው አጠና ተራን እያየ ያደገ ስለ ሆነ ስለ ባሕር ዛፍ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ነገር ግን ርጥቡ ፍልጥና ቅጠሉ ሲነድ ብዙ ጭስ ያወጣል፤ እሳቱ በመጀመሪያ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያተን ይደክማልና። እንጨቱን ፈልጦ፣ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ አድርቆ ማንደድ ጭሱንም ወጪውንም ይቀንሳል።

ጭስ ዐይን የሚያስለቅስ ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታየን። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ በሚመጣ የተበከለ አየር ምክንያት በፈረንጆች 2020 ዓ. ም. ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል፤ በዐዋቂዎች ላይ ደግሞ የሳንባና የልብ ሕመምን ያመጣል። ሁልጊዜ የምታስል እናት «ብርድ ነው» ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የሃያና የሠላሳ ዓመት ጭስ ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር የማድ ቤት በር ተዘግቶ ስናገኝ ምክንያቱን እንጠይቃለን። «ከእሳት ላይ ተነሥቶ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኙት ምች ይመታል» የሚል መልስ እናገኛለን። እኛ የአባቶችንና የእናቶችን አባባል ማቃለል አንወድም። በከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል፣ ምች የሚባለው፣ በሰው ገላ ውስጥ ተደብቆ ከሚኖር ቫይረስ የሚመጣ ነው። ፀሐይ፣ ትኩሳትና ድካም ሊቀሰቅሱት ይችላሉና ፀሐይዋን መጠርጠራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በር መዝጋት ግን ቫይረሱን አያግደውም። በሩን በዘጋን ጊዜ የምናስቀረው ንጹሑን አየር ነው፤ ጭሱ ከእኛው ጋር ይቀራል። ነፋስ የምትፈሩ ነጠላ ደርቡ እንጂ በሩን አትዝጉ። ከበሩ ትይዩ ከጣሪያው ሥር መስኮት ወይም ክፍተት ቢወጣለት፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጭሱን ይዞት ይሄዳል።

ስለ ምድጃም አንድ ቃል እንናገር። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ልክ ነው፤ ወጡ አይጣፍጥም። የባለቤቲቱ ዐይንና ሳንባ ግን ይድናል። ዙሪያው የተዘጋው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ማንደጃም ውስጡ ሸክላ ስለ ሆነ፣ ከቆርቆሮው ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ደግሞ ከጭሱ ሙሉ በሙሉ ድኗል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችንም ወደ ከሰሉ መመለሳችን ስለማይቀር መስኮቱ ለእርሱም ያስፈልገዋል።

3. እሳት የሚገድለውና የማይገድለው

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ውሃችን በ92 ዲግሪ የሚፈላ ከሆነ ተሐዋስያንን መግደል ያቅተዋል ማለት ነው ወይ? አይደለም። ጥራጥሬን ማለስለስና ጀርምን መግደል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በምግብና በውሃ የሚተላለፉት የበሽታ ጀርሞች አብዛኞቹ 70 ዲግሪ ሲደርሱ ፈጥነው ይሞታሉ። በወተት ፋብሪካ ወተትን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰኮንድ ማሞቅ ይበቃል ተብሎ የሚሠራበትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሰፈር የሚገዛውን የላም ወተት አንድ ጊዜ ገንፍሎ እስኪነሣ ድረስ ማፍላት ከከብት ወደ ሰው ከሚተላለፈው የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከሚባለው በሽታ ያድናል። የመጠጥ ውሃ የሚያጠራጥር ሲሆን፣ እኛ ደገኞች ስለ ሆንን ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እንዲንተከተክ መተው፣ ከዚያም በፈላበት ዕቃ እንደ ተከደነ ማቀዝቀዝ ነው። በ2008 ዓ. ም. ክረምት በከተማችን አተት በገባ ጊዜ ውሃ አፍሉ፣ ምግብ አብስሉ ሲባል የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሥጋም ሳንናገር አናልፍም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ተዉ ብንላችሁ በዓል ሲመጣ አትሰሙንም፤ እናውቃለን። እውነቱን ግን እንንገራችሁ። የኮሶ ትል ዘር በከብቱ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ለብለብ የተደረገ ክትፎ ውጪው ቢሞቅ መካከሉ ጥሬ ነው፤ ዘሩም አይሞትም። ሥጋው እስከ ውስጡ ድረስ ቀይነቱን ለቆ፣ 70 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ብቻ ነው የምንተማመነው።

ደግሞም እሳት ሁሉን ያነጻል ብለን እንዳንታለል። የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝ ወይም በርበሬ በውስጡ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ መርዝ በተለመደው አበሳሰል አይጠፋም። በእጅ ቁስል ወይም በአፍንጫ በኩል ወደ ምግብ የሚገባ አንድ ጀርምም አለ። እርሱ ራሱ በማፍላት ይሞታል፤ ቀደም ብሎ የረጨው መርዝ ግን አይጠፋም። የሻገተውን መጣል፣ ከማብሰል በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የጣት ቁስልን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን እሳት የማይተካቸው ሥራዎች ናቸው።

4. ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ

ጀርም የሚወደው እጅግ የሚፋጀውንም እጅግ የቀዘቀዘውንም አይደለም፤ የሚወደው ለብ ያለውን ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባል። ከእሳት የወረደ ትልቅ ድስት ወጥ ደግሞ በዚህ መካከል ረጅም ሰዓት ይቆያል።

የፋሲካን በዓል አስቡት። ፋሲካ የሚውለው ፀሐይዋ በበረታችበት ወራት ነው። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ዶሮ ወጡ በትልቅ ድስት ይሠራል፤ እንግዳ ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ይመለሳል፣ ይከደናል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። በረመዳንም ለአፍጥር የተሠራው ሾርባ ተርፎ እስከ ሱሑር ድረስ ሳይሞቅ ይቆያል። ከበዓል በኋላ ሆዳቸውን አሟቸው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ቅባቱ ከበደኝ» ይላሉ። አንዳንዱ እውነትም ቅባቱ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለብ ብሎ ያደረው ወጥ ነው።

ስለዚህ ለማግሥት የሚቀመጠውን ወጥ ከትልቁ ድስት ወደ ትናንሽ ንጹሕ ዕቃዎች ማካፈል፣ ዕቃዎቹንም ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ቶሎ ማቀዝቀዝ ይገባል። የበሰለ ምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይገባ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ቢሠራ መልካም ነው። የሚበላውንም ያህል ብቻ አውጥቶ እስኪንተከተክ ድረስ አሙቆ መብላት እንጂ፣ ድስቱን ሙሉ እያሞቁ መልሶ ማስቀመጥ አይገባም።

ሙቀት ሁልጊዜ ምግብን ያበላሻል ማለት ግን አይደለም። ቡሆውን የሚያነሣው ይኸው ለብታ ነው። በክረምት ቡሆው ዘገየ፣ በሚያዝያ ቶሎ ኮመጠጠ ስትሉ የእርሾውን ተሐዋስያን ሙቀት እየለካችሁ ነው። አብሲት ስትጥሉም እንዲሁ ነው። ጤፍ ስንዴ እንዳለው ያለ ተለጣፊነት ስለሌለው፣ በፈላ ውሃ የበሰለው አብሲት ቡሆውን አያይዞ አየሩን እንዲይዝ ይረዳዋል፤ እንጀራውም ዐይን ያወጣል። ያለ ቴርሞሜትር ይህን ያህል የሚያውቁ እናቶች የወጡን ሙቀት ለመጠበቅ አያቅታቸውም።

5. የቀን ፀሐይና የሰው ገላ

የሰው ገላ ሙቀት በጤና ጊዜ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጪው ሲሞቅ ገላችን ላብ እያወጣ ራሱን ያቀዘቅዛል። ላቡ ውሃና ጨው ይዞ ስለሚወጣ ግን ካልተተካ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካምና የሽንት መጥቆር ይመጣል። የገላው ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ሰውየው ሲቀባዥር ወይም ራሱን ሲስት፣ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ገላውን በውሃ እያራሱ እያራገቡ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።

ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን የፀሐይን ሙቀት ወደ ቤት ያወርዳል፤ ሌሊት ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። ከሥሩ ኮርኒስ ቢኖረው፣ በመካከል የሚቀረው አየር ቀኑንም ሌሊቱንም ያለዝበዋል። ከአቡጀዲም ከማዳበሪያ ከረጢትም የተሠራ ኮርኒስ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን እሳት በሚነድበት ማድ ቤት ከረጢትና ላስቲክ በጣሪያ ላይ አይወጠር፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ስለ ሕፃናት ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ፀሐይ ቢበረታም የእናቱ ጡት ወተት ይበቃዋል። «ውሃ ጠምቶታል» ብሎ ውሃ መስጠት ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው እንጂ። ሁለተኛ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ «ብርድ እንዳይገባው» ብሎ በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ መደራረብ ሙቀቱን ያብሰዋል። ልብሱን ቀለል አድርጉለት፤ የሚጠጣ ስጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይዛችሁት ኑ።

አረጋውያንንም አንርሳ። በ1995 ዓ. ም. ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በፈረንጆች 2003፣ በአውሮፓ ከባድ ሙቀት በወረደ ጊዜ ከ70,000 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ፤ ብቻቸውን የሚኖሩና ጠያቂ ያልነበራቸውም ብዙ ነበሩ። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሙቀት ባይወርድም፣ «እማማ፣ ዛሬ ውሃ ጠጥተዋል?» ብሎ ጎራ የሚል ጎረቤት ያስፈልጋል። ዕድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለዚህም ቢሆን ደስ ይለናል።

6. ቃጠሎ

ልጅ አዝሎ ምጣድ ላይ መጋገር፣ የፈላ ጀበና ምንጣፍ ዳር ማስቀመጥ፣ የድስት እጀታ ወደ ውጭ ማዞር ለብዙ ሕፃናት ቃጠሎ ምክንያት ነው። በምድጃው ዙሪያ ሕፃን የማያልፍበትን ወሰን በእንጨት ወይም በአግዳሚ መለየት ቀላል ሥራ ነው።

ቃጠሎ ከደረሰ ግን ወዲያውኑ የተቃጠለውን ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ማጠብ ነው። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና መቀባት ሙቀቱን በውስጥ ያምቀዋል፤ ቁስሉንም ያመረቅዘዋል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ወይም በፊት፣ በእጅና በኀፍረተ ሥጋ ላይ ከሆነ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። በከተማችን የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ይሰጣል።

7. ሌሊት ወደ ቤት የሚገባው ከሰል

ከሁሉ ይልቅ እንድትይዙልን የምንፈልገውን ወደ መጨረሻ አምጥተነዋል።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ማታ ወጥ የተሠራበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በተለይ አራስ ባለችበት ቤት እናቲቱና ሕፃኑ እንዲሞቃቸው ተብሎ በርና መስኮቱ ይዘጋል፤ ቀዳዳውም በጨርቅ ይወተፋል። ይህ የሚደረገው በፍቅር ነው። ነገር ግን ሰዎች ተኝተው እንዳይነቁ የሚያደርጋቸው ይህ ልማድ ነው።

ከሰል በታፈነ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ወደ ደም ገብቶ የአየርን ቦታ ስለሚይዝ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፤ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» የሚባለው ትልቅ ስሕተት ነው። ጭስ ዐይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ እንሸሸዋለን። ይህኛው ግን አያስጠነቅቅም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰው ደግሞ እንቅልፍ ሲመጣበት ይተኛል እንጂ አይነሣም።

ስለዚህ ከሰል በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይደር። ቡና ሲፈላም በሩ ገርበብ ይበል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ «ቡዳ ነው፣ ብርድ ነው» ሳይባል በር ከፍቶ መውጣት ነው። ታፍኖ የወደቀ ሰው ካገኛችሁ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡና ወደ 907 ወይም ወደ 939 ደውሉ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው አይቅር፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

«ታዲያ አራስዋና ሕፃኑ በብርድ ይሙቱ ወይ?» ትሉን ይሆናል። የተገባ ጥያቄ ነው። ለሕፃን ከእናቱ ደረት የበለጠ ምድጃ የለውም። ልብሱን አውልቆ፣ ኮፍያና ሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ፣ ገላውን ከእናቱ ገላ አገናኝቶ ከላይ በጋቢ መሸፈን ሐኪሞች ጊዜው ሳይደርስ የተወለደን ሕፃን እንኳ የሚያሞቁበት መንገድ ነው። ለቀሩት ደግሞ ቀን ፀሐይ የጠገበ ብርድ ልብስ፣ ካልሲና ትኩስ አጥሚት አለ። ከሰል ማሞቅ የግድ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው ነቅቶ ሳለ፣ በር ተከፍቶ ይሁን፤ ከመተኛት በፊት ማንደጃው ወደ ደጅ ይውጣ።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፤ ብዙ ተናግረናል። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሁሉንም በአንድ ቀን አድርጉ አንላችሁም። ለነገ የሚቀቀለውን ባቄላ ዛሬ ማታ ዘፍዝፉ። ነገ ስትጋግሩ የማድ ቤቱን በር ክፈቱ። የተረፈውን ወጥ እስኪንተከተክ አሙቁ። ከመተኛታችሁ በፊት ግን፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ፣ ማንደጃው ከደጅ መሆኑን እዩ። እዚህ ያልመጣ ጎረቤት ካላችሁም ይህን የመጨረሻውን ንገሩልን።

ጥያቄ ያለው ሰው ሳይፈራ ይጠይቀን፤ የምናውቀውን እንመልሳለን።